«ሞተሬ አልነሳ አለኝ»፦ ያገለገለ ሞተር ሳይክል ሲያስቸግር እቃ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ፈትሹ

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ነው። የመጀመሪያው ደንበኛ ደውሏል። ሞተሩን ትረግጣላችሁ፣ ዝም። ደግማችሁ ትረግጣላችሁ፣ አሁንም ዝም። ላብ በላብ ከሆናችሁ በኋላ ገፍታችሁ ጋራዥ ትወስዱታላችሁ። እዚያ ደግሞ ገና ሳይፈታ «ካርቡራተሩ ሞቷል፣ ይቀየር» ትባላላችሁ።

በሰፈራችን አንድ ልጅ ላይ የደረሰው ይሄው ነው። የእቁብ ብሩን አውጥቶ፣ የጎደለውን ከዘመድ ተበድሮ ያገለገለ ሞተር ገዛ። በሦስተኛው ሳምንት ሞተሩ ሃያ ደቂቃ ያህል ከሄደ በኋላ መንገድ ላይ ቀጥ ማለት ጀመረ። አንዱ ጋራዥ ካርቡራተር አስቀየረው። ሁለተኛው ኮይል አስቀየረው። ችግሩ ግን እንዳለ ነው። ሦስተኛ ጋ ሲሄድ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ምንም ሳይፈቱ የሳልባትዮውን ክዳን ከፈት አደረጉት። «ፉሽ» የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። ለካ ክዳኑ ላይ ያለችው የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ በአቧራ ተደፍና ነው! መፍትሔው አንዲት ቀጭን ሽቦና አምስት ደቂቃ ነበር። ልጁ ግን ለማያስፈልጉ ሁለት እቃዎች ከፍሏል፣ የዘጠኝ ቀን ሥራ አጥቷል፣ ዕዳው ደግሞ ቀኑን ጠብቆ መጥቷል።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው መካኒክ እንድትሆኑ አይደለም። ጋራዥ ስትገቡ «አልነሳ አለኝ» ብቻ ከማለት «እሳት አለው፣ ቤንዚን ግን አይደርሰውም» ማለት እንድትችሉ ነው። ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዙ ብር ታተርፋለች።

የምናወራው መንገዱን ስለሞላው ዓይነት ሞተር ነው፦ ከ100 እስከ 150 ሲሲ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ አራት ምት፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ካርቡራተር ያለው።

ሦስቱ ጥያቄዎች

ሞተር ለመነሳት ሦስት ነገር ይፈልጋል፦

1. በልክ የተቀላቀለ ቤንዚንና አየር
2. በሰዓቱ የሚመጣ እሳት (ብልጭታ)
3. ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ ቅልቅሉን አፍኖ የሚጨምቅበት ኃይል

ሦስቱም ካሉ ሞተሩ ይነሳል። ካልተነሳ ከሦስቱ አንዱ ጎድሏል ማለት ነው። ሥራችሁ የትኛው እንደጎደለ መለየት ብቻ ነው። ለዚህ ደግሞ ሁለት ደንብ አለ። አንደኛ፣ ከርካሹና ከቀላሉ ጀምሩ። ሁለተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ንኩ። ካንዴላና ካርቡራተር አብራችሁ ቀይራችሁ ሞተሩ ቢነሳ፣ የትኛው እንዳዳነው አታውቁም። ላልተበላሸ እቃ ከፍላችሁ ሊሆን ይችላል።

መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት፦ የሁለት ደቂቃ ፍተሻ

አትሳቁ፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው።

• መሪው ላይ ያለው ቀዩ የሞተር ማጥፊያ ቁልፍ ተነክቶ ይሆን? ልጅ ሲጫወትበት ወይም ዕቃ ሲጭኑ ሊጠፋ ይችላል።
• የቤንዚን መክፈቻው ተከፍቷል? ወደ ሪዘርቭ ብታዞሩትስ?
• ሳልባትዮው ውስጥ በእርግጥ ቤንዚን አለ? ያገለገለ ሞተር ላይ ጌጁን አትመኑ። ክዳኑን ከፍታችሁ ነቅነቅ አድርጉት።
• ስታርተሩን ስትጫኑ «ጠቅ ጠቅ» ብቻ ካለ በርግጫ ሞክሩት። በርግጫ ከተነሳ ችግሩ ከባትሪው፣ ከሞተሪኖው ወይም ከሽቦው ነው። ሞተሩን ራሱን ማስፈታት አያስፈልግም።

ጥያቄ አንድ፦ ቤንዚን ይደርሰዋል?

ማስጠንቀቂያ፦ ይህን የምትሠሩት ደጅ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ሲጋራም ሆነ ከሰል አጠገባችሁ ሳይኖር ነው። የቤንዚን ትነት ዝግ ቤት ውስጥ ቀልድ አያውቅም።

ካርቡራተሩ ከሥር ማፍሰሻ ቡሎን አለው። ከታች ንጹሕ ብርጭቆ ወይም የተቆረጠ ሃይላንድ ያዙና ቡሎኗን ላላ አድርጉ።

ምንም ካልወረደ፣ መዘጋቱ ከካርቡራተሩ በላይ ነው። የሳልባትዮውን ክዳን ከፍታችሁ እንደገና ሞክሩ። ክዳኑ ሲከፈት መውረድ ከጀመረ፣ የሰፈራችንን ልጅ ችግር አገኛችሁት። ቤንዚን ሲወርድ ቦታውን አየር መተካት አለበት። ቀዳዳዋ ከተደፈነች አየር አይገባም፣ ቤንዚኑም አይወርድም። ክዳኑ ሲከፈትም ካልወረደ መክፈቻውን፣ ፊልትሮውንና ጎማ ቱቦውን ተራ በተራ እዩ። ሳልባትዮው ውስጡ ከዛገ ፊልትሮውን ቶሎ ቶሎ ስለሚደፍነው ቀይ ብናኝ መኖሩንም አስተውሉ።

በደንብ ከወረደ ደግሞ ብርጭቆውን አስቀምጡና ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከሥር ይተኛል፣ እንደ ዶቃ ኳስ ኳስ ሆኖ ወይም ለብቻው መስመር ሠርቶ ታዩታላችሁ። በየመንገዱ በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ለተጠቀመ ይህ ፍተሻ ግዴታ ነው። ውሃ ካገኛችሁ ካርቡራተር ከመግዛታችሁ በፊት ሳልባትዮውን አራግፉ፣ ካርቡራተሩን አስጠቡ። በናፍጣ ወይም በላምባ የተቀላቀለውን ግን እንዲህ በዓይን መለየት ይከብዳል። የተለየ ሽታ፣ በርካታ ጭስና ቶሎ የሚጠቁር ካንዴላ ምልክት ሊሆኗችሁ ይችላሉ።

ቤንዚኑ ንጹሕ ሆኖ እየወረደ፣ ሞተሩ ግን በቾክ ብቻ የሚሠራ፣ ቾኩ ሲመለስ የሚጠፋ ከሆነ፣ ሞተሩ ከቤንዚን ይልቅ አየር በዝቶበታል። ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፉት ቀጫጭን የነሐስ ቀዳዳዎች ተደፍነው ወይም ካርቡራተሩን ከሞተሩ የሚያገናኘው ጎማ ተሰንጥቆ ይሆናል። ጎማውን በእጃችሁ ጠምዘዝ አድርጋችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። የነሐስ ቀዳዳዎቹን ግን በሽቦ እንዳትወጉ! በጥቂቱም ቢሰፉ የቤንዚኑ ልክ ይዛባል። በአየር ግፊትና በማጽጃ ይጸዳሉ።

ጥያቄ ሁለት፦ እሳት አለው?

ካንዴላውን በትክክለኛው የካንዴላ ቁልፍ ፍቱት። ከመፍታታችሁ በፊት ዙሪያውን በብሩሽ ጥረጉ፣ አለዚያ አቧራው ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ከዚያ ካንዴላውን ኮፍያው ላይ መልሳችሁ ሰኩት፣ ብረቱን ከካንዴላው ቀዳዳ ራቅ አድርጋችሁ የሞተሩ ብረት ላይ አስደግፉት። ቁልፉን ክፈቱና ርገጡ። በእጃችሁ ብረቱን አትንኩ፣ ያነዝራችኋል።

• ሰማያዊ፣ ጠንካራ፣ «ጣ ጣ» የሚል እሳት፦ ደህና ነው። ወደ ጥያቄ ሦስት እለፉ።
• ቢጫ፣ የደከመ እሳት፦ መጀመሪያ ካንዴላውን በደህና ካንዴላ ተክታችሁ ሞክሩ። ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው።
• ጭራሽ የለም፦ ካንዴላው፣ ኮፍያው፣ ቀዩ ማጥፊያ ቁልፍ፣ የሽቦ ማያያዣዎቹ፣ በመጨረሻም ኮይሉ። በዚሁ ቅደም ተከተል።

የካንዴላው ጫፍ ላይ ያለው ክፍተትም ልክ አለው። በብዙዎቹ ትናንሽ ሞተሮች ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። መለኪያ ከሌላችሁ የኤቲኤም ካርድ አውጡ፣ ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። ካርዱ ጠበቅ ብሎ ከገባ በግምት ልክ ነው። ውልቅ ልግባ እያለ ከተጫወተ ክፍተቱ ሰፍቷል። የሞተሩ መመሪያ ሌላ ቁጥር ካለው እሱን ተከተሉ።

ካንዴላው ሲወጣ በቤንዚን ከራሰ ሞተሩ ጠጥቶ ታፍኗል። ጠርጋችሁ አድርቁት፣ ቾኩን መልሱ፣ ከገጠማችሁት በኋላ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ ደጋግማችሁ ርገጡ።

ጥያቄ ሦስት፦ ኮምፕሬሽን አለው?

ይህ ውዱ ጥያቄ ነው፣ ለዚህ ነው መጨረሻ የመጣው። ርግጫው ላይ እግራችሁን ቀስ ብላችሁ ስትጫኑ የሆነ ቦታ ላይ ሊገፋችሁ ይገባል። ያለ ምንም ትግል «ዝርግፍ» ብሎ ከወረደ ተጠራጠሩ። ለማረጋገጥ ካንዴላውን ፍቱና የእሳቱን መስመር ከሞተሩ አርቁት፣ ቁልፉንም ዝጉ። አውራ ጣታችሁን ቀዳዳው ላይ ደፍናችሁ ሌላ ሰው ይርገጥ። ደህና ሞተር ጣታችሁን «ፓፕ» አድርጎ ያስነሳዋል።

ደካማ ከሆነ አንድ የድሮ ብልሃት አለ። በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት አፍስሱና እንደገና ሞክሩ። ዘይቱ ገብቶ ግፊቱ ከጨመረ፣ ያረጀው የፒስተኑ ፋሻ ወይም ሲሊንደሩ ነው። ዘይቱ ለጊዜው ክፍተቱን ሞልቶት ነው። ምንም ካልተለወጠ ችግሩ ወደ ቫልቩ ወይም ወደ ጭንቅላቱ ጓርኒሲዮን ያደላል። ቫልቭ ሲባል ደግሞ ሁልጊዜ «ይፈታ» ማለት አይደለም። የቫልቩ ክፍተት ከጠበበ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም፣ ማስተካከያው ግን እቃ ሳይገዛ የሚሠራ ነው። ስለዚህ «ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይፈታ» ከመባሉ በፊት «የቫልቩ ክፍተት ተለክቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ካንዴላና ጭስ ይናገራሉ

የወጣው ካንዴላ የሞተሩን ጤና ያሳያል። ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሱት።

• ፈካ ያለ ቡናማ፦ ደህና ነው።
• ደረቅ ጥላሸት፦ ቤንዚን በዝቷል ወይም አየር አንሷል። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን እዩ።
• ጥቁርና በዘይት የወረዛ፦ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው።
• ነጭ፣ የተቃጠለ የሚመስል፦ ቤንዚን አንሶታል ወይም ከልክ በላይ ይሞቃል። በዚህ ሁኔታ ረጅም መንገድ አትሂዱ።

ከማርሚታው የሚወጣው ጭስም ያንኑ ይላል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ጥቁር ጭስ የበዛ ቤንዚን ነው። በብርዳማ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ታይቶ የሚጠፋ ነጭ እንፋሎት ግን እርጥበት ስለሆነ አያስጨንቅ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስቡት ነገር አለ፤ ከፍታ። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ የአየር ግፊቷ ከባህር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ድሬዳዋ ግን 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ደጋ ሲወጣ አየሩ ይሳሳበታል፣ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ሞተሩ ዳገት ላይ ይለግማል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ስለዚህ ከድሬዳዋ ወይም ከሠመራ የመጣ ሞተር ገዝታችሁ ደብረ ብርሃን ላይ «ጉልበት የለውም» ብትሉ፣ ፋሻ ከማስቀየራችሁ በፊት ካርቡራተሩን ለቦታው አስተካክሉት። ከደጋ ወደ ቆላ ሲወረድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቤንዚን አንሶት ከልክ በላይ እንዳይሞቅ ዳግም መስተካከል አለበት። ደግሞም በየትኛውም ካርቡራተር ደጋ ላይ ጉልበት መቀነሱ አይቀርም፣ አየሩ ራሱ ስስ ነውና።

ሲሞቅ የሚጠፋ፣ ሲበርድ የሚነሳ

ይህ ጣጣ መካኒኮችንም ያታልላል፣ ምክንያቱም ጋራዥ ሲደርስ ይበርድና «ምንም የለበትም» ይባላል። መፍትሔው ልክ ሲጠፋ፣ እዚያው መንገድ ዳር መፈተሽ ነው። ሞተሩን ዳር አስይዙና በቅደም ተከተል፦

1. የሳልባትዮውን ክዳን ክፈቱ። «ፉሽ» ብሎ ከተነሳ ቀዳዳው ነው።
2. ካልሆነ እሳቱን እዩ። ሲሞቅ እሳት ጠፍቶ ሲበርድ የሚመለስ ከሆነ ኮይሉንና የእሳት መስመሩን ጠርጥሩ።
3. እሳቱም ካለ፣ ርግጫው ግን ከጠዋቱ ይልቅ ቀልሎ ከተሰማችሁ የቫልቩ ክፍተት ጠቦ ይሆናል። ብረት ሲሞቅ ስለሚለጠጥ ጠባቡ ክፍተት ጨርሶ ይጠፋል።

ካንዴላው በዚያ ሰዓት ስለሚፋጅ በጓንት ወይም በወፍራም ጨርቅ ያዙት።

ሞተሩ ይጮሃል፣ ግን አይሄድም

ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጡ ድምፁ ከፍ እያለ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ዲስኮቹን ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ የፍሪሲዮን እጀታው ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ነጻ እንቅስቃሴ ይኑር። ገመዱ ተወጥሮ ከታሰረ ፍሪሲዮኑ ሁሌም በከፊል እንደተያዘ ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ ምን ዘይት ተቀይሯል? በእነዚህ ሞተሮች ፍሪሲዮኑ የሚሠራው በሞተሩ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። አንዳንድ የመኪና ዘይቶች ደግሞ ፍትጊያ የሚቀንስ ንጥረ ነገር ስላለባቸው ፍሪሲዮኑን ያንሸራትቱታል። ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል ምልክት ያለው የሞተር ሳይክል ዘይት ግዙ። ያገለገለ ሞተር እንደገዛችሁ የመጀመሪያው ወጪያችሁ ዘይት መቀየር ይሁን። የወጣውን ዘይት እዩት፤ እንደ ወተት የነጣ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል፣ የብረት ብናኝ የሚያብረቀርቅበት ከሆነ ውስጥ የሚፈጭ ነገር አለ።

«ነገ አሠራዋለሁ» የማይባልባቸው

የማይነሳ ሞተር ሥራ ያስፈታል። የማይቆም ሞተር ግን ሰው ይገድላል። ከኋላ ሰው የምትጭኑ ከሆነ ደግሞ የራሳችሁ ሕይወት ብቻ አይደለም።

• ፍሬን፦ የፊቱ እጀታ እስከ መሪው ድረስ ከገባ ወይም እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ ሞተሩን አትንዱት። በዘይት የሚሠራ ፍሬን ውስጥ አየር ገብቶ ወይም ዘይቱ እየፈሰሰ ይሆናል።
• የመሪና የጎማ ኩሽኔታ፦ የፊት ጎማው ከመሬት ተነስቶ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስትነቀንቁት «ቀጭ ቀጭ» ካለ ልል ነው። መሪውን ስታዞሩት መሀል ላይ የሚይዝ ነገር ካለም ኩሽኔታው ተበልቷል።
• ካቴና፦ በብዙዎቹ ሞተሮች መሀሉ ላይ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ዝቅ ማለት አለበት። በጣም ከላላ ወልቆ የኋላ ጎማውን ሊቆልፍ ይችላል፣ በጣም ከተወጠረ ኩሽኔታ ይበላል። ጥርሶቹ እንደ መንጠቆ ከቆለመሙ ካቴናውና ሁለቱ ጥርሶች አብረው ይቀየሩ። አዲስ ካቴና በአሮጌ ጥርስ ላይ ቶሎ ያልቃል።

ገና ልትገዙ ነው?

ሻጩ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ሲሊንደሩን በእጃችሁ ጠጋ ብላችሁ ስሙት። ሙቅ ከሆነ ቀድሞ ተነስቶ ነበር፤ «ይበርዳል፣ ነገ ጠዋት እመጣለሁ» በሉ። የቀዝቃዛ ሞተር አነሳስ ብዙ ነገር ያጋልጣል። የሊብሬውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር ቁጥር በቁጥር አስተያዩ። ካልተመሳሰለ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተመለሱ። ያ መካኒክ የሚጠግነው ችግር አይደለም።

ስልካችሁ ከካቻቢቴ በፊት ይውጣ

ማንኛውንም ነገር ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ ሽቦው የቱ ከየት እንደነበር በኋላ ያስታውሳችኋል። እንግዳ ድምፅ ከሰማችሁ ቪዲዮ ቅረጹ፣ ጋራዥ ሲደርስ ሊጠፋ ይችላልና። ዘይት፣ ካንዴላና ፊልትሮ የተቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትር ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ጋራዥ ስትገቡም «ሲሞቅ ይጠፋል፣ ክዳኑን ብከፍትም አይነሳም፣ እሳት ግን የለውም» በሉ። የተቀየረ እቃ ካለ አሮጌውን ተቀበሉ። ጎበዝ መካኒክ በዚህ አይቀየምም፣ እንዲያውም ግማሽ ሥራውን ሠርታችሁለታል።

የሰፈራችን ልጅ ዛሬም በዚያው ሞተር ይሠራል። ሲያስቸግረው መጀመሪያ የሚከፍተው የሳልባትዮውን ክዳን ነው። ቦርሳው ውስጥ ሁልጊዜ የካንዴላ ቁልፍ፣ አንድ ትርፍ ካንዴላና አንዲት ቀጭን ሽቦ አይጠፋም።

ሞተር ላይ ለሚሠራ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።